የአባባ ጠባሳ

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ያለሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አያቴ ቤት ነው። ከኋላ የምትሰሙት የቬንትሌተሩን ድምፅ ነው፤ ካጠፋሁት አንችለውም።

ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ የወንድ አያቴ፣ የአባባ ፎቶ አለ። ጥቁርና ነጭ ነው። የወታደር ልብስ ለብሷል፣ ደረቱ ላይ ሜዳሊያ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ድሬዳዋ፣ 1945» ተብሎ ተጽፏል።

አባባ ከክብር ዘበኛ ተመርጦ ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። ሻለቃው በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሳ። በኛው በድሬ አልፎ ጅቡቲ ወረደና መርከብ ተሳፈረ። ስሙም ከኛ አገር አይርቅም፤ «አባ ቃኘው» የሐረሩ ገዥ የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል። አባባ ግን የሚያወራው ስለ ብርዱ ብቻ ነበር። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ በረዶ ላይ!

አምና የፎቶው ጠርዝ እንደ መስታወት ማብለጭለጭ ጀመረ። የድሮ ፎቶ ምስሉ የተሠራው ከብር ነው፤ ዕድሜ ሲጫነው ብሩ ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ ይህን አላወቅኩም። ደንግጬ አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። አድሰው፣ ቀለም ቀብተው፣ በትልቁ አትመው ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አያቴ ዓይኗ ደክሟል። አስጠግታ አየችው።

«አቦ፣ ይሄ ማነው?»

«አባባ ነዋ!»

አውራ ጣቷን ግራ ቅንድቡ ላይ አሳረፈች። «ታዲያ ጠባሳው የት ሄደ?»

ፊቱን ሲያለሰልሱት አጥፍተውታል። እኔም አላየሁም። በጣም አፈርኩ። አያቴ ግን አልተቆጣችም፤ ያን ቀን ነው ወሬው የመጣው። ጠባሳው የመጣበት ቀን አጠገቡ የነበረው ጓደኛው አልተመለሰም። አባባ ስሙን ጠርቶላት አያውቅም። «የጎጃሙ ልጅ» ነበር የሚለው። ማታ ማታ ቅንድቡን እየዳበሰ ዝም ይላል።

አሁን ዋናውን ምንም ሳልነካካ ስካን አድርጌዋለሁ። መልሼ የሰቀልኩት ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ ነው። የታደሰውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አንድ ፖስታ አዘጋጅቼም አያቴ የነገረችኝን በእርሳስ ጻፍኩበት። ከአባባ ስም ቀጥሎ «የጎጃሙ ልጅ» አልኩ።