የውድድር መኪናችሁን የዙር ሰዓት የሚያሰላውን ፕሮግራም ራሳችሁ ጻፉት

እንዴት ዋላችሁ? በዚህ ሰዓት ትምህርት ጨርሳችሁ፣ ደክሟችሁም መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

የማወራው ላፕ ታይም ሲሙሌሽን ስለሚባለው ነገር ነው። መኪናው ገና ሳይሠራ፣ አንድ ዙር በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ የሚያሰላ ፕሮግራም ማለት ነው። ተገዝቶ የሚገኝ አለ። እኔ ግን ራሳችሁ እንድትጽፉት ልለምናችሁ ነው የመጣሁት፤ ምክንያቱም ኮዱን የጻፈ ሰው መኪናው የቱ ጋ ጊዜ እንደሚያጣ ያውቃል፣ የገዛው ግን ቁጥሩን አምኖ ይቀመጣል።

ከአንድ ክብ እንጀምር። ፎርሙላ ስቱደንት የተባለው የተማሪዎች ውድድር ላይ ስኪድፓድ የሚሉት ፈተና አለ። መኪናው ስምንት ቁጥር እየሠራ ይዞራል። የክቡ ውስጠኛ ዲያሜትር 15.25 ሜትር፣ ውጨኛው 21.25 ሜትር ነው። መሀል ለመሀል ከሄዳችሁ ራዲየሱ 9.125 ይሆናል። የጎማው የሰበቃ ኮፊሸንት፣ ማለትም መንገዱን የመያዝ አቅሙን የሚነግረን ቁጥር፣ 1.4 ነው እንበል። 1.4ን በመሬት ስበት ቁጥር በ9.81፣ ከዚያ በራዲየሱ በ9.125 አባዙና ስኩዌር ሩቱን አውጡ። 11.2 ሜትር በሰከንድ ይመጣል፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዙሪያው 57.3 ሜትር ስለሆነ አንዱን ዙር በ5.1 ሰከንድ ትጨርሳላችሁ።

በቃ፣ ይኼ ሲሙሌተር ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ የመኪናው ክብደት ስሌቱ ውስጥ የለም፣ ተሰርዟል! እውነተኛ ጎማ ግን ጭነት በበዛበት ቁጥር ኮፊሸንቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ክብደት በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል።

ሙሉ ትራክ ሲሆን መንገዱን አንድ አንድ ሜትር አድርጋችሁ ትቆራርጡታላችሁ። የጣሊያኑ የውድድር ትራክ ሞንዛ 5.793 ኪሎ ሜትር ነው፣ 5,800 ቁራጭ ገደማ ማለት ነው፤ ለላፕቶፕ ምንም አይደለም። በየቁራጩ ኩርባው የሚፈቅደውን ፍጥነት ታሰላላችሁ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ኩርባ ወደ ፊት እየሄዳችሁ፣ ሞተሩ በሚሰጠው ጉልበትና ጎማው ከመታጠፍ በተረፈው አቅም ፍጥነት ትጨምራላችሁ። ፍሬን ደግሞ ወደ ኋላ ነው የሚሰላው። ሾፌሩ ኩርባው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ መጨረስ ስላለበት፣ ከኩርባው ተነስታችሁ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ፣ የት ላይ ፍሬን መያዝ እንደነበረበት ታገኙታላችሁ። ከሦስቱ ፍጥነቶች ትንሹን ውሰዱ፣ እያንዳንዱን ሜትር በፍጥነቱ አካፍሉ፣ ደምሩ። የዙሩ ሰዓት ያ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ስጽፍ መኪናዬ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ፍሬን ይይዝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ የፍሬኑን ኮድ ስፈትሽ ከረምኩ። ጥፋቱ ለካ ትራኩ ላይ ነበር። መስመሩን የወሰድኩት ከጂፒኤስ ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ ጥቂት ይንቀጠቀጣል፣ ኩርባ ስታሰሉበት ያቺ ትንሽ መንቀጥቀጥ ተባዝታ የሌለ መታጠፊያ ትፈጥራለች። መስመሩን ካለሰለስኩት በኋላ ተስተካከለ። ስለዚህ ከዙር ሰዓቱ በፊት የኩርባውን ግራፍ ሳሉና በዓይናችሁ እዩት፣ እባካችሁ።

በአየር ግፊት ወደ መሬት የሚጫነው ክንፍ ያለው መኪና ከሆነ የአየር እፍጋት፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ አየር ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ስሌቱ ውስጥ ይገባል። ከመጽሐፍ 1.225ን አትገልብጡ፤ እሱ የባህር ወለል ቁጥር ነው። የሜክሲኮ ሲቲ ፎርሙላ ዋን ትራክ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ትልቅ ክንፍ ተገጥሞም ወደ መሬት የሚጫነው ኃይል ያንሳል። አዲስ አበባም ከዚያ ብዙም አትለይም። እዚህ 1.225ን ብትጠቀሙ ፕሮግራሙ ከእውነቱ ከሩብ በላይ የበዛ ግፊት ይሰጣችኋል።

የዙሩ ሰዓት ከእውነተኛው በአንድ ሁለት ሰከንድ ቢለይ አትደንግጡ። እኔ የምፈልገው ልዩነቱን ነው፦ 10 ኪሎ ብቀንስ ስንት አገኛለሁ፣ ወይስ ያንኑ ገንዘብ ጎማ ላይ ላውለው? ለዚህ ጥያቄ ቀላሏ ፕሮግራም ብዙ ርቀት ትወስዳችኋለች።

ላፕቶፕ የያዛችሁ አሁን ክፈቱት። ያልያዛችሁ ከጎናችሁ ካለው ጋር ተጠጉ። ያቺን የ9.125 ሜትር ክብ አብረን እንጻፋት።