መኪናዬ ታሰረ፣ ከየት ልጀምር? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቡና ሲደርስ የሚደወልልን ስልክ ይበዛል። ዓመቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ የከረመው ፒክአፕ ለለቀማ ይወጣል። ቦሎው፣ ማለትም የዓመታዊ ምርመራው ማረጋገጫ፣ ግን ካለፈ ቆይቷል። ትራፊክ ያስቆመዋል፣ መኪናው ይታሰራል፣ ከዚያ እኛ ጋ ይደወላል። በዚህ ሳምንት ከጅማና ከአካባቢዋ የደወላችሁ አድማጮች ያነሳችኋቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ብዙ ዓመት በተሽከርካሪ ምርመራ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁሌም የምናገረው አንድ ነገር አለ፦ ቁልፉን ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀቱን እዩ። ዛሬም እደጋግመዋለሁ፣ ታገሡኝ።

«መርካቶ ዳር አቁሜ ዕቃ ልገዛ ገባሁ። ስወጣ መኪናዬ የለም። በክሬን ተጎትቶ ሄደ አሉኝ። ቦሎው አልፎበታል። ከየት ልጀምር?» (ከሄርማታ)

መጀመሪያ መኪናውን የወሰደው ፖሊስ መሆኑን አረጋግጥ። በቅርብ ያገኘኸውን ትራፊክ ፖሊስ የሰሌዳ ቁጥርህን ነግረህ ጠይቅ። እነሱ ጋ ከሌለ ተሰርቋል ማለት ነው። ሳትውል ሳታድር አመልክት። ለምን እንደምቸኩል ወደ ታች ታገኘዋለህ።

እነሱ ጋ ካለ ሊብሬህን፣ መንጃ ፈቃድህንና መታወቂያህን ይዘህ ሂድ። ክርክሩን ተወውና መጀመሪያ መኪናውን ዙረህ እይ። ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩ፣ ባትሪው፣ ቴፑ አለ? የተጫረ ቦታ አለ? ፎቶ አንሳ። ያለው ዕቃ ተዘርዝሮ በወረቀት ይያዝ። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ መስኮቱ ክፍት ከሆነ አሁኑኑ አስዘጋ። ብዙ ቀን የሚቆም ከሆነ አስፈቅደህ የባትሪውን ገመድ ፍታ።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። የሶስተኛ ወገን መድንህ አልፎ ከሆነ በእሱ ጀምር። ያለ መድን ቦሎ አይታደስምና መድኑን ትተህ ብትሄድ ተመልሰህ ትመጣለህ። ቅጣቱን ክፈል፣ ከዚያ ምርመራ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቦሎ የሌለው መኪና ወደ ምርመራ ሲሄድም ያው መንገድ ላይ ነው። «ሂድ ብለውኛል» አይበቃም። የጽሑፍ ፈቃድ ጠይቅ፣ ካልተሰጠህ አስጎትተው።

እያንዳንዱን ክፍያ በደረሰኝ ፈጽም። በር ላይ ቆሞ «ስጠኝና ነገ ትወስደዋለህ» የሚልህን ሰው እለፈው። ደረሰኝ የሌለው ብር እንዳልተከፈለ ቁጠረው።

«ታርጋዬን ፈትተው ወሰዱ። ቤት ድረስ ብቻ ልንዳው?» (ከቆጪ)

አትንዳው። ወይ አስጎትተው፣ ወይ እዚያው ቆሞ ይጠብቅህ።

«ቦሎው ካለፈ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ሦስት ቀን አይታለፍም?»

ያለፈ አልፏል። ቁልፉን ከማንሳትህ በፊት ወረቀቱን እይ።

«ጋሼ፣ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ቦሎውም ሶስተኛ ወገኑም አልፏል። ብር እስካጠራቅም ዋናውን አስፋልት ትቼ ውስጥ ለውስጥ ነው የምሠራው፣ ያውም ከመሸ በኋላ። እስካሁን አልተያዝኩም። ምን ይመክሩኛል?»

ልጄ፣ ዛሬውኑ አቁም። ይህን የምልህ ሥራህን ንቄ አይደለም። ቤተሰብ እንደምታበላበት አውቃለሁ። ግን እንዳንተ የሚሠራ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ሁላችሁም ስሙኝ።

አንተ የፈራኸው መያዝን ነው። እኔ የምፈራልህ ሌላ ነው። የመረጥከውን መንገድና ሰዓት እስቲ አስበው። ትራፊክ ያጣህበት መንገድ መብራትም የለውም። ኮብልስቶኑ ሲዘንብበት ያንሸራትታል። ልጆች እስኪመሽ ኳስ ይጫወቱበታል። አባቶች ከሶላት፣ እናቶች ከገበያ የሚመለሱት በዚያው ነው። ከፖሊስ ልትሸሽ ብለህ ሰው ወደሚበዛበትና ማየት ወደማይቻልበት ገባህ። ፍሬንህን ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ያየልህ የለም።

አሁን አንተ አንድን ሰው ገጨህ እንበል። የሶስተኛ ወገን መድን የተደነገገው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። ያለ እሱ ማንኛውም ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። መድኑ ለአንተ አይደለም፣ ለባጃጅህም አይደለም። ለገጨኸው ሰው ነው። ሲኖርህ ካሳውን መድን ሰጪው ይከፍላል። ከሌለህ ተጎጂው ወደ መድን ፈንድ ይሄዳል፣ ፈንዱ ደግሞ የከፈለውን ሊያስመልስ ወደ አንተ ይመጣል። አሁን ያጠራቀምካት ብር ያኔ የት ትደርሳለች?

ባጃጁ የሰው ከሆነም ባለቤቱ አያመልጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። ነፃ የሚወጣው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። መኪናው የጠፋበትን የሄርማታውን ወንድሜን ቶሎ አመልክት ያልኩት ለዚህ ነው። ባጃጅ አከራይተህ ቦሎውን የማትጠይቅ ባለቤትም ከሆንክ ይህን ስማ።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ይኼ ነው። መድን የሌለው ሹፌር ሰው ሲገጭ ይሸሻል። በሥራ ዘመኔ አንድ ልጅ አውቅ ነበር። ክፉ ልጅ አልነበረም። ማታ አንዲት እናት ገጨ፣ ወረቀት ስላልነበረው ደንግጦ ሄደ። ሰው ያገኛቸው ሊነጋ ሲል ነው። ሐኪሞቹ ቶሎ ቢደርሱ ኖሮ አሉ። እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል። አዋጁ እኮ ተጎጂው የድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ያዛል፣ በወጣ ጊዜ ለሕክምናው እስከ 2,000 ብር ድረስ ያስቀመጠው ለዚህ ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው ከገጨ፣ ወረቀት ኖረውም አልኖረው፣ አይሽሽ። ሰውየውን ሐኪም ቤት ያድርስ።

ብሩን በተመለከተ፦ ተራችሁ ላይ ያላችሁ ልጆች ዕቁብ ትጥላላችሁ አይደል? አንዱን ዕቁብ ለቦሎና ለመድን ብቻ አድርጉት። ቀኑ ቀድሞ ለደረሰበት ልጅ ይሰጥ። እስከዚያ ባጃጁ ይቁም፣ አንተ የሌላውን፣ ወረቀቱ የተሟላውን በፈረቃ ንዳ።

«ለምርመራ ቀን ብቻ የጓደኛዬን ጎማ ብዋስስ?»

እንዳታደርገው! ይህን ማታለል ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ምርመራውን የሚያልፈው ጎማ ማታ ወደ ጓደኛህ ይመለሳል። አንተ በላጨው ጎማ አዲስ አበባ ልትሄድ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ትነዳለህ፣ ጊቤ ቁልቁለት ላይም በዚያው ትወርዳለህ። መኪናው ሳይቀርብ ቦሎ የሚያወጣልህ ደላላም ያው ነው፣ የሚሸጥልህ ወረቀት እንጂ ፍሬን አይደለም። ጎማና ፍሬኑን ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት ለምታምነው መካኒክ አሳይ።

«መኪናውን በውክልና ገዛሁ፣ ስም አላዛወርኩም። አሁን ታሰረ። ሻጩ ስልክ አያነሳም።» (ከአጋሮ)

ወንድሜ፣ ውክልና ማለት «የእኔን ሥራ ሥራልኝ» ማለት ነው። ንብረቱ ያንተ ሆነ ማለት አይደለም። ሻጩ ሊሽረው ይችላል። ከሞተም ውክልናው አብሮት ይቀራል። ሊብሬው ላይ ያለው ስሙ ስለሆነ በእሱ ዕዳ መኪናው ሊታገድብህ ይችላል።

ዋናውን የውክልና ወረቀት አውጥተህ ቃል በቃል አንብበው። የታሰረ መኪና የማስፈታትና ቦሎ የማሳደስ ሥልጣን ይሰጥሃል? ከሰጠህ ይዘኸው ሂድ። መኪናው እግድ እንዳለበትም እዚያው ጠይቅ። ከተፈታልህ በዚያው ሳምንት ስሙን አዛውር። ሥልጣኑ ካልተጻፈ ወይም እግድ ካለ ግን የእኔ ምክር አይበቃህም፣ የሽያጭ ውልህን ይዘህ ጠበቃ ጋ ሂድ። ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ወረቀቱን እዩ።

«ባለቤቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። መኪናው በስማቸው ነው። ልጄ ሳይነግረኝ አውጥቶት ያለ ቦሎ ተያዘ። ለእኔ አንሰጥም አሉኝ።» (ከጅሬን)

ነፍሳቸውን ይማር፣ እትዬ። አንሰጥም ያሉዎት ሊያንገላቱዎት ብለው አይምሰልዎት። ባለቤቱ በሕይወት ስለሌሉ መኪናው ለማን እንደሚሰጥ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። ይህ የሚገኘው ከፍርድ ቤት ነው፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ይባላል። በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ከሆነ የራስዎም ድርሻ አለበት። ልጅዎ ላይ አይጩኹበት፣ ቁልፉን ግን ይቀበሉት።

ከዚህ በላይ ያለው የሕግ ባለሙያ ሥራ ነው። አቅም ካጠረዎት የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ እነሱን ይጠይቁ። የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ ሊብሬውንና መኪናው ሲያዝ የተሰጠውን ወረቀት በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። ዋናውን ለማንም አይስጡ፣ ኮፒ ያስደርጉ።