ቤዝም መቀናጆ አለው

እንደምን ዋላችሁ። የደሴና የዙሪያዋ ሙዚቀኞች፣ ሳውንድ ማኖች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆችም፣ ሰላም ለናንተ ይሁን።

ስለ ቤዝ ጊታር ሳጥን፣ ማለትም ስፒከሮቹ ስለሚገቡበት ሳጥን፣ ንግግር አድርግ ስባል ሳቄ መጣ። በባንድ ውስጥ ስለ ቤዝ የሚያወራ የለም። ቤዝ ትዝ የሚለው ሲጠፋ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ኮምቦልቻ፣ በአንድ የሰርግ ዳስ ውስጥ የተቀመጡ አያት ናቸው።

ጎረምሳ ሳለሁ ነው። ከባንዳችን ጋር የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ሰርግ ልንሠራ ሄድን። የያዝነው ሳጥን አንድ ነበር፣ ባለ 8 ኦም። ዳሱን ስናየው ሰፊ ነው። አይበቃንም ብለን ከአንድ ወዳጃችን ሌላ ሳጥን ተዋስን። ጀርባው ላይ 4 ኦም ይላል። ማን አንብቦት! ድምፁን በሚያጎላው አምፕ ላይም "ከ4 ኦም በታች አይሰካም" የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። እሱንስ ማን አንብቦት! ሰካን፣ ጀመርን። አንድ ሰዓት ያህል ሸጋ ነበር። ጭፈራው ደርቶ፣ እስክስታው ሲጦፍ፣ ቤዙ እልም አለ። እጄን አምፑ ላይ ባሳርፍ የእንጀራ ምጣድ ሆኗል። ኪቦርዱም ድራሙም አላቆሙም። ጨፋሪው ግን ቀስ በቀስ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። አያቲቱ ጠሩኝና "ልጄ፣ ያ ከሥር የሚያጓራው የት ሄደ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ዛሬ ልስጥ። ገበሬ አንድ በሬ ብቻ ሲኖረው ምን ያደርጋል? ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ግን ያገኘውን በሬ ሁሉ ቀንበር ውስጥ አያስገባም። አንዱ ግዙፍ፣ ሌላው ወይፈን ከሆነ ቀንበሩ ያዘነብላል፣ ትልሙም ይጣመማል። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነበር።

ኦምን ሳጥኑ ለአምፑ የሚያሳየው እምቢታ ነው በሉት። ቁጥሩ ሲያንስ እምቢታው ይቀንሳል፣ አምፑም ብዙ ኤሌክትሪክ ይለቃል። ሳጥን ሲጨመር ደግሞ እምቢታው ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ብዙዎችን የሚያሳስተው ይህ ነው። 8 እና 8 ሲቀናጁ 4 ይሆናሉ። ሁለት ባለ 4 ሲቀናጁ 2። የኛዎቹ 8 እና 4ስ? ሁለቱን አባዙ፣ 32። ደምሩ፣ 12። 32ን ለ12 አካፍሉ፣ 2.7 ገደማ ይመጣል። አምፑ የሚችለው 4 ድረስ ነው። በዚያ ላይ ባለ 4ቱ ሳጥን የባለ 8ቱን እጥፍ ጉልበት ይወስዳል። አንዱ ሲለፋ ሌላው ይዝናናል። ከአምፕ ወደ አንዱ ሳጥን፣ ከዚያ ሳጥን ወደ ሌላው ገመድ ብታሻግሩም ሒሳቡ ያው ነው።

ስለዚህ አምፓችሁ 4 ኦም የሚችል ከሆነ መጀመሪያ አንድ ባለ 8 ኦም ግዙ። ብር ሲገኝ ያንኑ ሞዴል ድገሙት። መጀመሪያውኑ ባለ 4 ከገዛችሁ ሁለተኛ የምትጨምሩበት በር ተዘጋ።

"ታች ባለ 15 ኢንች ስፒከር ሳጥን፣ ላይ ባለ 10" የሚል ምክር ሰምታችኋል። ባለ 15ቱ ለጎርናናው፣ ባለ 10ሩ ለጥርት ያለው ይላሉ። እኔ አልወደውም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚላክላቸው፤ ማንም አላካፈላቸውም። አሠራራቸው ስለሚለያይ በአንዳንዱ ኖታ ላይ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ድምፁም ይበላላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል እንዲህ ያለውን። ዝቅታን የሚወስነው የስፒከሩ ስፋት ብቻ አይደለም፤ የሳጥኑ መጠንና አሠራር ጭምር ነው። በ1969 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አምፔግ የተባለው ኩባንያ ኤስ ቪ ቲ የሚባለውን 300 ዋት አምፕ ሲያወጣ ያቀናጀው ባለ 10 ኢንች ስፒከሮችን ነው፣ በአንድ ሳጥን 8። እዚያ ሳጥን ውስጥ 15 የሚባል ቁጥር የለም። ስሙን ፍሪጅ ብለውታል፣ ክብደቱም የፍሪጅ ነው። ባጃጅ ላይ ልጫን ካላችሁ ሹፌሩ ያባርራችኋል።

ሂሳቡንም ካያችሁት 4 ባለ 10 ስፒከሮች ከአንድ ባለ 15 ወደ 1.8 እጥፍ የሚጠጋ ስፋት አላቸው። ብዙ አየር ይገፋሉ ማለት ነው።

የአምፑን ጉልበት መለኪያ፣ ዋትን እናንሳ። ገበያ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ዋት ነው። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው በድምፅ መለኪያው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሯችን እጥፍ እንዲመስል 10 ዴሲቤል ያህል ያስፈልጋል። ያንኑ ሳጥን ስትደግሙት ግን አምፑም ተጨማሪ ጉልበት ይለቃል፣ ሁለቱም አብረው ይገፋሉ፣ ዝቅ ባሉት ድምፆች ላይ እስከ 6 ዴሲቤል ታገኛላችሁ። ለዚህ ነው ትልቅ አምፕ ከመግዛት በፊት ሁለተኛ ሳጥን የምላችሁ።

አሮጌ ሳጥን የምትገዙ ደግሞ ኦም የሚለካውን ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። ጀርባው የተጻፈውን አትመኑ፤ ስፒከሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ባለ 8 ኦም ሳጥን በቴስተር ከ5.5 እስከ 7 አካባቢ ያሳያል፣ ባለ 4ቱ ደግሞ 3 ምናምን። ቀጥሎ የሬዲዮ ድንጋይ፣ ባለ 1.5 ቮልቱን አውጡ። ፖዘቲቩን ከፖዘቲቩ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቩ ለቅጽበት ነካ አድርጉ። የስፒከሩ ሸራ ወደ ፊት ዘለል ካለ ልክ ነው። ወደ ኋላ ከሸሸ ገመዱ ተገላብጧል። አንዱ ሳጥን የተገላበጠ ከሆነ ሁለቱን ስታቀናጁ ቤዙ ይጠፋል፤ ሳጥን ጨምራችሁ ድምፅ ቀነሳችሁ።

ከዚያ በኋላ ቤዙን ሰኩና የኛን ቅኝት ተጫወቱበት። አምባሰልም ባቲም የምንኖርበት አገር ስም ነው፣ ትዝታና አንቺሆዬም የኛው ናቸው። አንዱን ቅኝት ከሥር ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ አንድ አንድ ኖታ፣ በዝግታ። በአምስት ኖታ ለሚዘፍን ሰው አንዷ ኖታ ብታገሳና አንዷ ብትሰወር ወዲያው ይታወቃል። ትዝታን በዝግታ ስትጫወቱ ደግሞ ኖታዋ ብቻዋን አየር ላይ ትቆማለች፣ የምትደበቅበት የለም። ሻጩ ፈጣን ነገር እየተጫወተ ካሳያችሁ ጠርጥሩት።

ሰርግ ላይ ሞንታርቦው ለሕዝቡ ነው፤ የቤዝ ሳጥኑ በዋናነት ለእናንተና ለድራመራችሁ። ሁለት ሳጥን ካላችሁ ጎን ለጎን አታስተኟቸው፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሩ። አንድ ሳጥን መሬት ላይ ስታስቀምጡ ድምፁ ጉልበታችሁን ይመታል፣ ጆሯችሁ ግን አይሰማውም፤ ከዚያ ትጨምራላችሁ፣ ፊት ለፊት ያለው ሰው ይደነቁራል። ዳስ ውስጥ ግድግዳ ስለሌለ ቤዝ ይሸሻል፣ ሁለቱን ሳጥን ትፈልጋላችሁ። የሆቴል አዳራሽ ጥግ ላይ ከሆናችሁ አንዱ ይበቃል፤ እሱንም ከጥጉ ሳቡት።

ገመዱንም አትርሱ። የጊታር ገመድ ለሳጥን አይሆንም፣ ውስጡ ቀጭን ስለሆነ ይሞቃል። የስፒከር ገመድ ግዙ።

አሁን እዚህ መድረክ ላይ አንድ ዓይነት ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች አሉ። ከጎናቸው ያ ባለ 15 ቆሟል። ትዝታን ከወፍራሙ፣ ከኢ ገመድ ጀምሬ መጀመሪያ በአንዱ፣ ከዚያ በሁለቱ፣ ከዚያ ከባለ 15ቱ ጋር አቀናጅቼ እጫወታለሁ። አምፑ 2 ኦም ድረስ ይችላል፣ አትስጉ። ከፊት ያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ኑ። የትኛዋ ኖታ እንደጠፋች እጅ እያወጣችሁ ንገሩኝ። መብራት ሳይሄድብን እንጀምር።