ፊርማው የሌለበት ሰው

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ስለ ኢንሹራንስ ነው የማወራው። ከአሁኑ ማዛጋት የጀመራችሁ ትታዩኛላችሁ፣ አልፈርድባችሁም።

እስቲ የኢንሹራንስ ፖሊሲውን እስከ መጨረሻው ያነበበ እጁን ያውጣ። ይኸው! እኔም ለዓመታት አላነበብኩም ነበር። ፊት ለፊት በደማቁ «እንሸፍናለን» ይላል። ገለጥ ስታደርጉት «የማይሸፈኑ ሁኔታዎች» የሚል ርዕስ ይመጣል፤ ከፊት በር የሰጠውን ሁሉ በጓዳ በር መልሶ ይወስደዋል።

ማግለያ፣ ማለትም «ይህን አንሸፍንም» የሚል አንቀጽ፣ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ሆን ብሎ ሰው የጎዳ ሰው «ኢንሹራንሴ ይክፈልልኝ» ቢል እኔም አልሰማውም። ጠቤ ሌላ ቦታ ነው።

ቤቴን የእሳት አደጋ ኢንሹራንስ ባስገባ ውሉን የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ አላነበብኩም ብል ጥፋቱ የራሴ ነው። የኃላፊነት ኢንሹራንስ፣ በሌላ ሰው ላይ ላደረስነው ጉዳት የሚከፍለው ማለት ነው፣ ግን እንዲህ አይደለም። እዚህ የሚጎዳው ሦስተኛ ወገን ነው። መንገድ ሲሻገር የተገጨ እግረኛ፣ የገጨው ሰው መንጃ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው፣ ፍሬኑ ይሥራ አይሥራ፣ መኪናው ትርፍ ሰው ይጫን አይጫን በምን ያውቃል? ውሉ ላይ ፊርማው የለም። ኩባንያው «ደንበኛችን ውሉን ስለጣሰ አንከፍልም» ሲል ግን የሕክምናው ወጪ የሚወድቀው እሱ ላይ ነው።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዝ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስን ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1930 በወጣ ሕግ ነው። ግዴታ ማድረግ ብቻውን ግን ምን ዋጋ አለው፣ ኩባንያው የፈለገውን ማግለያ መጨመር ከቻለ? በ1988ቱ የትራፊክ ሕጋቸው የአሽከርካሪው ዕድሜ ወይም ጤና፣ የመኪናው ሁኔታ፣ የተሳፋሪው ብዛት፣ የጭነቱ ክብደት፣ እነዚህን ሁሉ ሰበብ አድርጎ ለተጎጂው ካሳ መከልከል አይቻልም። እኔ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ኩባንያው መጀመሪያ ለተጎጂው ይከፍላል፣ ከዚያ የከፈለውን ከራሱ ደንበኛ መጠየቅ ይችላል። ክርክሩ በፈራሚዎቹ መካከል ይቀራል ማለት ነው። የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት ቀዳሚ የነበረው የአውሮፓ ማኅበረሰብም በ1983 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ መንጃ ፈቃድ የለውም ወይም ባለቤቱ አልፈቀደለትም የሚሉ ማግለያዎች በተጎጂው ላይ እንዳይሠሩ አደረገ፤ እያወቀ የተሰረቀ መኪና ውስጥ ለገባ ሰው ግን ይህን ከለላ አልሰጠም። በዚያው መመሪያ ቤተሰብ ስለሆነ ብቻ ተጎጂን ማግለልም ቀረ። አስቡት፣ መኪናችሁ ውስጥ ከሚስታችሁና ከልጆቻችሁ የበለጠ ማን ይቀመጣል?

ከመኪና ውጪ ጉዳዩ ይወሳሰባል። አሜሪካ ውስጥ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የንግድ ድርጅቶች ፖሊሲ ውስጥ ብክለትን ጠቅልሎ ከሽፋን የሚያወጣ አንቀጽ ገባ። ፋብሪካ ወንዝ ሲመርዝ ለሚመጣው ዕዳ ከሆነ ይገባኛል። በኋላ ግን የአንድ ሕንፃ ማሞቂያ ተበላሽቶ በካርቦን ሞኖክሳይድ ሰዎች ሲታመሙ ኩባንያው «ይኼም ብክለት ነው» ብሎ ተከራከረ። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 አልተቀበለውም፣ አንቀጹ በተለምዶ የአካባቢ ብክለት ለምንለው ነው ብሎ ወሰነ። ሌሎች ግዛቶች ደግሞ ተመሳሳይ ቃላት አንብበው ለኩባንያው የፈረዱበት ጊዜ አለ። የአንድ ቃል ትርጉም ከግዛት ግዛት ከተለያየ፣ ፖሊሲውን የገዛው ሰው ምን እንደገዛ እንዴት ይወቅ? ስለዚህ ሕጉ «ብክለት» ዓይነት ሰፋፊ ቃላት ፖሊሲው ውስጥ በግልጽ እንዲተረጎሙ ማስገደድ አለበት።

«ለኢንሹራንስ የምንከፍለው አረቦን ይጨምራል» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ሊጨምር ይችላል፣ አልዋሻችሁም። ጉዳቱ ግን ኩባንያው ስላልከፈለ አይጠፋም፤ ወይ ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፣ ወይ አንድ የተሰበረ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል። እኔ መዋጣቱን እመርጣለሁ።

በሉ፣ ፖሊሲውን ይዞ የመጣ ካለ «የማይሸፈኑ» የሚለው ገጽ ላይ ይክፈተውና ከእሱ እንጀምር።