ማታ ምንም የለም አትበሉኝ

(የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በጉዞ ዕቁባችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ ዳኛችን፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዘንድሮውን ጉዞ እንዳቀርብ ነው የታዘዝኩት። አቀርባለሁ፣ ወረቀቱ ይኸው። መጀመሪያ ግን አምና ሐረር ስላሳለፍነው ማታ ልናገር። ዓመቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው ነው የከረምኩት።

ታስታውሳላችሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ኮሚናሉ በር ላይ ተሰብስበን፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን፣ ወገባችን ተቆርጦ ሐረር ገባን። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ ዞርን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያስገነቡትን ግንብ አየን፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ቆምን፣ ሁላችንም ደስ አለን። 12 ሰዓት ሲል ግን አስጎብኚያችን ሰብስቦ አውቶቡስ ላይ ጫነን። «ማታ ጁገል ውስጥ ምንም የለም፣ ሆቴላችሁ ተዝናኑ» አለን።

ሆቴሉ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ነው። ትልቅ ቴሌቪዥን፣ የእንግሊዝ ኳስ፣ ጆሮ የሚበጥስ ስፒከር፣ ጥብስና ቢራ። ይሄ ሁሉ እኮ እዚሁ አባዶ አስፋልቱ ዳር አለ! ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ ዕቁብ የጣልነው?

እኔ፣ እማማ እና ከብሎካችን አንድ ወጣት ሆነን ወጣን። ማንን እንደጠየቅን ልንገራችሁ። ክፍል የምታጸዳውን ልጅ ነው። «አንቺስ ስትጨርሺ ማታውን የት ነው የምታሳልፊው?» አልናት። ሳቀች። «ቤቴ ጁገል ነው፣ ትመጣላችሁ?» አለችን። ባጃጅ ይዘን ወረድን።

መጀመሪያ ፈላና በር ጋ፣ ከግንቡ ውጭ አቆመችን። ጨልሟል። አንድ ሰውዬ ቅርጫት ሥጋ ይዞ ተቀምጦ ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል። ከዚያ ጨለማው ውስጥ ዓይኖች በሩ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። እኛ ጅብ ሲባል በተረት ልባችን ሲርድ ያደግን ሰዎች ነን። እማማ እጄን ጨምድደው ያዙኝ። ልጅቷ «እኛ ወራባ ነው የምንለው፣ አትፍሩ» አለችና ታስረዳን ጀመር። ግንቡ ላይ ጅቦቹ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሌሊት ገብተው የተጣለውን ጠርገው ይበሉና ከተማውን አጽድተው ይወጣሉ። ክፉ መንፈስም ይበላሉ ብሎ የሚያምን አለ። በአሹራ ቀን ደግሞ በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብላቸዋል፣ አበላላቸው ታይቶ መጪው ዓመት እንዴት እንደሚሆን ይገመታል። ይሄን ሁሉ እየሰማን ሳለ እማማ ቀስ ብለው እጄን ለቀቁ። ሄደው ዱላውን ከሰውዬው ተቀበሉ። ሥጋው ጫፉ ላይ ነው። ጅቡ መጣ፣ ዱላውን ሳይነካ ሥጋውን ብቻ ቀማ አድርጎ ሄደ። እማማ «እሰይ!» አሉ። 74 ዓመታቸው ነው፣ እንደዚያ ሲፍለቀለቁ አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ በሩን አልፈን ወደ ውስጥ ገባን። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ አለ፣ ግራና ቀኙ በኖራ የተቀባ ግድግዳ። የልጅቷ አክስት ቤት የሐረሪ ቤት ነው። ነደባ የሚሉት የመቀመጫ መደብ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል፣ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ግድግዳው በስፌት ተሞልቷል። ወለሉ ቀይ ነው፣ በ1879 በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማስታወስ ነው ብለው ነገሩን። ሐሸር ቃህዋ አፈሉልን፣ ከቡናው ገለፈት የሚፈላውን። ጎረቤት ሰማ፣ አንድ ሁለት እያሉ ገቡ። አፎቻ ስለሚሉት፣ እንደ ዕድር ስላለው ማኅበራቸው ሲያወሩ፣ ለሠርግም ለሐዘንም እንዴት እንደሚሰባሰቡ ሲነግሩን፣ እማማ ደግሞ የድሮ ሰፈራቸውን፣ የዶሮ ማነቂያን ዕድር አነሱ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ማን ጥሩንባ ይነፋ እንደነበር ሳይቀር። አክስትየዋ እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። 4 ሰዓት ሆነ፣ መነሳት አቃተን።

ስንመለስ አዳራሹ ውስጥ ግማሻችሁ ተኝታችኋል። አንዱ ወንድሜ «ሐረር ማታ ደባሪ ናት» አለኝ። በሰውዬው አልፈርድም። የፈረድኩት «ምንም የለም» ባለን ላይ ነው። ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ግቢ 82 መስጊድና 102 የቅዱሳን መካነ መቃብር ያለበት፣ በ1998 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ እኮ ነው! ሰው እየኖረበት እንዴት ነው ምንም የሌለው?

ይሄን ቃል ደግሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ብዙዎቻችን ከአራዳ ነው የመጣነው። እንግዳ ሲመጣብን ማታ የት ነበር የምንወስደው? በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ። ጣይቱ ሆቴል አለ። ጣይቱ ግቢ ውስጥ የነበረው የጃዝ ቤት በ2007 ጥር ሲቃጠል ጭሱን በዓይናችን አይተናል። ውቤ በረሃን አባቶቻችን ሲተርኩልን ነው ያደግነው። ስለ ዶሮ ማነቂያ ግን «ያረጀ ቤት ነው እንጂ ምን አለው» ሲባል ሰምተን ዝም አልን። በ2016 ፈረሰ። ምንም የለም ሲባል እየሰማ ዝም የሚል ሰው ሰፈሩን ያጣል! እኛ አጥተነዋል። የሰው ሰፈር ሄደን ያንኑ ቃል ተቀብለን፣ በራችንን ዘግተን ኳስ እናያለን? እኔ አልቀበልም።

አባዶንም እንዲሁ ይሏታል። ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፈን 2 ሰዓት ቤት ስንገባ ደክሞናል፣ ልክ ነው። ግን ዛሬ ማታ ይሄው ኮሚናል ሞልቷል።

ወደ ዕቅዱ ልምጣ። ዘንድሮም ሐረር እንሂድ ነው የምለው፣ በሹዋሊድ ሰሞን። ሹዋሊድ ከዒድ አልፈጥር በኋላ ያለው የስድስት ቀን ጾም ሲፈታ የሚከበር በዓል ነው፣ በ2016 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ማደሪያችን ግንቡ ውስጥ፣ በእንግዳ ማረፊያነት በሚያገለግሉት የሐረሪ ቤቶች ይሁን። በበዓል ሰሞን ስለሚሞሉ ቀብዱን ቶሎ እንላክ። ማታ ማታ አውቶቡሱ ይቁም፣ ማንም ሰብስቦ አይጫነን። የአውቶቡሱን ዋጋ ጸሐፊያችን ያነቡላችኋል።

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። «እማማን ይዛችሁ ኑ» ነው ያለችው። ምዝገባው በሩ ጋ ነው፣ አንደኛ ተራ ላይ እማማ ተመዝግበዋል።