ከሚዛኑ በፊት እናትየዋን እንጠይቅ

አዘጋጅ ሀ፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምንወያየው በገጠር ስለሚካሄዱ የልጆች ውፍረት መከላከያ ፕሮግራሞችና ስለቤተሰብ የአእምሮ ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ከሆኑት ልጆችና ወጣቶች መካከል ከ390 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነበር፤ ከእነዚህም 160 ሚሊዮኑ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው። እርስዎ ከየት እንጀምር ይላሉ?

አዘጋጅ ለ፦ እኔ ከአንዲት ወረቀት ልጀምር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ልጆችን የሚመዝኑ ሰዎች መጡና ክፍሉ በሙሉ እንደተሰለፈ የእኔ ክብደት ጮክ ተብሎ ተነበበ። ከሳቁ ይልቅ የማልረሳው ማታ እናቴ ያደረገችውን ነው። የተላከላትን ወረቀት ሁለቴ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ ጥፍር እስኪያህል ድረስ አሳነሰችውና ትራሷ ሥር ከተተችው። አንዲት ቃል አልተናገረችም።

አዘጋጅ ሀ፦ አልተቆጣችዎትም?

አዘጋጅ ለ፦ ብትቆጣኝ በቀለለኝ ነበር። በዚያ ዓመት አባቴ ሥራ ፍለጋ ርቆ ስለሄደ ቤቱንም እርሻውንም ብቻዋን ይዛ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ከሰው መሸሽ ጀምራ ነበር። ዛሬ የጤና ባለሙያ ሆኜ ሳስበው ያ ድብርት ነበር፤ ያን ጊዜ በቤታችን ስም አልነበረውም። ወረቀቱ ልጇን እንድታቀጥን ያዝዛታል፤ እርሷ እንዴት እንደሆነች የሚጠይቅ አንድ መስመር የለውም። እኔም ከዚያ ወዲያ ውጭ መጫወት ተውኩ፤ ተደብቄ መብላት ጀመርኩ።

አዘጋጅ ሀ፦ ይህን ነግረውኝ አያውቁም። ወደ ፕሮግራሞቹ እንመለስና…

አዘጋጅ ለ፦ ከፕሮግራሞቹ መች ራቅን፣ ወንድሜ? ልጅ መቼ እንደሚበላና መቼ እንደሚተኛ የሚወስነው አሳዳጊው ነው። አሳዳጊው በጭንቀት ሲደክም የምግብና የመኝታ ሰዓት ይዛባል፤ ያለቀሰውን ልጅ ለማባበልም በቅርብ የተገኘው ጣፋጭ ይሰጣል። እንቅልፍ ያነሰው ልጅ ደግሞ ረሃቡ ይበረታል፤ በውፍረቱ ሲሳቅበት ያዝናል፣ ሐዘኑም መልሶ ወደ ምግብ ይወስደዋል።

አዘጋጅ ሀ፦ የአሜሪካ የበሽታ መከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል የተባለው የጤና ባለሙያዎች ቡድን ዕድሜያቸው 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ላለባቸው ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት የባለሙያ ትምህርትና ድጋፍ እንዲሰጥ ይመክራል። ይህ ለገጠር ቤተሰብ እንዴት ይሆናል?

አዘጋጅ ለ፦ ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው እንበል። እናት ልጇን ይዛ በየጊዜው አንድ ሰዓት ብትማር 26 ምልልስ ነው፤ በመንገድ ብቻ 104 ሰዓት ያልቃል። በመካከል የቀረች እናት ግን ቸልተኛ ተብላ ትመዘገባለች! ትምህርቱ በስልክ ቢሰጥ፣ ወይም ልጆች ወደሚማሩበት ቦታ ቢሄድ፣ ወይም ከክትባት ቀን ጋር ቢጣመር ስንቱ ቤተሰብ በቀጠለ ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ ግን፣ ልጁ ከመመዘኑም በፊት፣ እናትየዋ እንዴት እንደሆነች ትጠየቅ።

አዘጋጅ ሀ፦ እዚህ ላይ እከራከርዎታለሁ። ካልተመዘነ ለውጡ በምን ይታወቃል? የስኳር በሽታና የደም ግፊት ምልክትም በጊዜ መያዝ አለበት።

አዘጋጅ ለ፦ ይመዘን፤ በር ተዘግቶ፣ ቁጥሩ ለልጁና ለወላጁ ብቻ ተነግሮ ይመዘን። ሚዛኑ ግን ሁለተኛ ይሁን።

አዘጋጅ ሀ፦ በሩ መዘጋቱን ተቀብያለሁ፤ በቅደም ተከተሉ ግን ገና አልተረታሁም።

አዘጋጅ ለ፦ ይቆየን። እኔ የምለው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ተጫጭኖሽ ነበር? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ደስ ማለቱን ትቷል? ለድብርት የመጀመሪያ ልየታ በብዙ አገሮች የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፤ ሁለቱም ሁለት ደቂቃ አይፈጁም።

አዘጋጅ ሀ፦ እናትዎን የጠየቃት ሰው ነበር?

አዘጋጅ ለ፦ ከብዙ ዓመት በኋላ እኔው ጠየቅኋት። ሁለተኛውን ሳልጨርስ «አዎ» አለችኝ፤ ያን ዕለት ስለ ወረቀቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አወራን።