በሩን ትቶ ለሚያርፍ አጨብጭቡ

ክቡራን ዳኞች፣ አሰልጣኞች፣ ውድ የሱዊፕ ጓደኞቼ፤

በዚህ መክፈቻ ላይ ስለ ስፖርታችን፣ በተከፈተ ፓራሹት ወደ መሬት ጠልቀን ኩሬ ታክከን በፍጥነት ስለምንበርበት ስለ ሱዊፕ፣ እድገት እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦስትሪያ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሲደረግ ስንቱ ሰው ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ርቀት፣ ፍጥነትና ዒላማ ሲባል ሕፃናት ሳይቀሩ ኩሬው ዳር ተሰልፈው ያያሉ። ደስ ይለኛል። እኔን እዚህ ያቆመኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ በርቀት ውድድር ሦስተኛው ዙር ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። ፍጥነት ለማግኘት 450 ዲግሪ መዞር ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ከፍታዬ እንዳነሰ ገብቶኛል። እጄ ግን ፓራሹቱን ወደ ታች የሚያጠልቀውን የፊቱን ማሰሪያ አልለቅ አለ። ማለፍ ያለብኝን በር አይቼዋለሁና! 10 ሜትር ተራርቀው ከቆሙት ከእነዚያ ሁለት ምልክቶች ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም። በመጨረሻዋ ቅጽበት የኋላውን ማሰሪያ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ሳብኩ። ፓራሹቱ ቀና ሲል እግሬ ውሃውን መታ፣ ተገለባበጥኩ፣ ተንከባለልኩ። እየተንገዳገድኩ ስወጣ አጨበጨባችሁልኝ። ጭብጨባውን ወደድኩት።

ከእኔ ቀጥሎ የዘለለው ልጅ ዝቅ ማለቱን እንዳወቀ መዞሩን አቋረጠ፤ በሩን ትቶ ሣሩ ላይ ቀስ ብሎ አረፈ። በበሩ አላለፈምና ዜሮ ተመዘገበበት። አንድ እጅ እንኳ አልተጨበጨበለትም። እንዲያውም አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ፈራ!» አለ።

ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

በዓመቱ ያ ልጅ እንደገና ዝቅ ብሎ ዞረ። በዚህኛው ጊዜ በሩን አልተወም። ሁለት ዓመት በክራንች ሄደ። አሁን ከመካከላችሁ ተቀምጧል፤ ይህን የምናገረውም እሱ ፈቅዶልኝ ነው።

ጓደኞቼ፣ የቀበርናቸውን አስቡ! ከመካከላቸው ስንቱ ነው ሙሉ በሙሉ የተከፈተ፣ አንድ ገመዱ ያልተጠማዘዘ ፓራሹት ከራሱ በላይ እያለ መሬት የመታው? መሣሪያው አልከዳቸውም። መዞሩን ለመልቀቅ አንዲት ሰከንድ ዘገዩ። ያችን ሰከንድ ደግሞ እኛ ዳር ቆመን ስናሽሟጥጥ ነው ያስረዘምናት! ከሞት ለጥቂት ያመለጠውን ጀግና፣ በጊዜ የለቀቀውን ፈሪ ያልነው እኛ ነን። ይህ ነውር ነው፤ ዛሬ ይብቃ!

ሌሎቹን ባጭሩ ልናገር። ፓራሹት ለማሳነስ አትቸኩሉ፤ የክብደት ስሌቱ፣ ማለትም ክብደታችሁ ለፓራሹቱ ስፋት ሲካፈል፣ እኩል ቢወጣም ትንሹ ገመዱ አጭር ስለሆነ ፈጥኖ ይጠልቃል። መጠባበቂያ ፓራሹቱን በራሱ የሚከፍተውን መሣሪያችሁንም አረጋግጡ፤ ለሱዊፕ ያልተሠራው በፍጥነት መጥለቃችሁን ፓራሹት ሳይከፈት መውደቅ ነው ብሎ መጠባበቂያውን ሊከፍተው ይችላል። ስለ ነፋስ ዳኞቹ ይነግሯችኋል።

ነገ ጠዋት በሩን ትቶ ዳር የሚያርፍ የመጀመሪያው ሰው ሲኖር እኔ ኩሬው አጠገብ ቆሜ አጨበጭባለሁ። ብቻዬን አትተዉኝ።